ወሰን የማያውቅ ውሃ
ከተማና ካውንቲ በዋሽንግተን ሐይቅ ዙሪያ የተባበሩበት ሥራና የሚሰጠው ትምህርት



አንድ መንገድ፣ አንድ ድልድይ ወይም አንድ የፍሳሽ መስመር በአንድ አስተዳደር ወሰን ውስጥ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ከሆነ፣ ሥራው በአብዛኛው የንድፍና የስሌት ሥራ ነው። ወሰን በሚሻገርበት ጊዜ ግን ከንድፉ ጎን ሌሎች ጥያቄዎች ይነሣሉ። ወጪውን ማን ይከፍላል? ውሳኔውን ማን ይሰጣል? ከተሠራ በኋላ ማን ይጠብቀዋል? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳያገኙ የተጀመረ የጋራ ሥራ፣ ንድፉ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን ከወረቀት አያልፍም፤ ቢያልፍም ዕድሜው አጭር ነው።

የዚህ ንግግር ዓላማ፣ የከተማ አስተዳደርና በዙሪያው የሚገኘው አካባቢ አስተዳደር ለሕዝብ በሚጠቅም ሥራ እንዴት ሊተባበሩ እንደሚችሉ በአንድ ተጨባጭ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌው የተወሰደው በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በዋሽንግተን ስቴት ከሚገኙት ከሲያትል ከተማና ከተማይቱን ከሚያቅፈው ከኪንግ ካውንቲ ነው። ካውንቲ ማለት በአሜሪካ የአስተዳደር ሥርዓት ከስቴት በታች የሚገኝ፣ በውስጡ በርካታ ከተሞችንና ከከተማ ክልል ውጭ ያሉ መንደሮችን የሚይዝ፣ የራሱ ምርጫና በጀት ያለው አካል ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ምሳሌ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትብብሩ ውጤት በንግግር ሳይሆን በመለኪያ የታየ ነው። ሁለተኛ፣ የትብብሩ ጉድለትም እንደ ውጤቱ ሁሉ በግልጽ የተመዘገበ በመሆኑ ትምህርቱ ሙሉ ነው።

፩. ሐይቁና በዙሪያው ያደጉት ከተሞች

የዋሽንግተን ሐይቅ ከሲያትል በስተ ምሥራቅ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ረዘም ብሎ የተዘረጋ ነው። ስፋቱ 88 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በጣም ጥልቅ በሆነበት ስፍራ ጥልቀቱ 65 ሜትር ይደርሳል። ሲያትል በዚህ ሐይቅና ፒውጀት ሳውንድ በተባለው የባሕር ክንድ መካከል የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ከተማይቱ ያልተጣራ ፍሳሿን ወደ ሐይቁ ትለቅ ነበር። ይሁን እንጂ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ዓመታት መስመሮችን ዘርግታ አብዛኛውን ፍሳሽ ወደ ባሕሩ ስላዞረች፣ የሐይቁ ጉዳይ በዚሁ የተቋጨ መስሎ ነበር።

በ1940 ተንሳፋፊ ድልድይ በሐይቁ ላይ ተሠርቶ ለተሽከርካሪ ተከፈተ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በሲያትል እየሠራ በሐይቁ ማዶ የሚኖረው ሕዝብ ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። ቀድሞ እርሻና ደን የነበረው ምሥራቃዊ ዳርቻ መኖሪያ ሰፈር ሆነ። ለምሳሌ ቤልቪው በ1953 ራሷን የቻለች ከተማ ለመሆን በቃች። እነዚህ ከተሞችና የፍሳሽ አገልግሎት ወረዳዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የማጣሪያ ጣቢያ ሠሩ። ከ1941 እስከ 1953 ባለው ጊዜ ውስጥ አሥር ጣቢያዎች በሐይቁ ዙሪያ ሥራ ጀመሩ። ወደ ሐይቁ የሚለቁት ውሃም በድምሩ በቀን 80 ሚሊዮን ሊትር ያህል ደረሰ።

ለመሐንዲስ ልዩ ትኩረት የሚያሻው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ጣቢያዎች መካከል በቸልተኝነት የተሠራ ወይም ደንብ ጥሶ የቆመ ነበረ ለማለት አይቻልም። በዘመኑ ተቀባይነት ባገኘው ባለ ሁለት ደረጃ የማጣራት ዘዴ የሚሠሩ ነበሩ። ይህ ዘዴ በፍሳሹ ውስጥ የሚገኘውን በስባሽ ነገር ያስወግዳል፤ በሽታ አምጪ ተሕዋስያንንም ይቀንሳል። በውሃው ውስጥ የሟሟውን ፎስፎረስ ግን አብዛኛውን ሳይነካው ያሳልፈዋል። ፎስፎረስ ደግሞ ለሰብል ማዳበሪያ እንደሚሆን ሁሉ፣ በሐይቅ ውስጥ ለሚበቅለው አልጌም ማዳበሪያ ነው። በሌላ አነጋገር፣ እያንዳንዱ ጣቢያ ለብቻው ሲመረመር ትክክል ነበር፤ የአሥሩ ድምር ግን ስሕተት ነበር። ድምሩን የመደመር ኃላፊነት ያለበት አንድም መሥሪያ ቤት አልነበረም።

፪. የሳይንሱ ማስጠንቀቂያ

በ1955 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ፕሮፌሰር ቶማስ ኤድመንድሰንና ባልደረቦቻቸው በሐይቁ ውሃ ውስጥ ኦሲላቶሪያ ሩቤሴንስ የተባለውን የአልጌ ዓይነት አገኙ። ይህ ስም ለዘርፉ ሊቃውንት እንግዳ አልነበረም። ቀደም ሲል በስዊዘርላንድ የዙሪክ ሐይቅ በከተማ ፍሳሽ መበላሸት በጀመረ ጊዜ የታየው ይኸው ዓይነት ነበር። ስለዚህ የአልጌው መታየት፣ በዓይን ገና ብዙ የማይታወቅ በሽታ መጀመሩን የሚያመለክት ምልክት ሆኖ ተቆጠረ።

ፕሮፌሰሩ ምልክቱን በመናገር ብቻ አልቆሙም። ፍሳሹ በዚሁ ሁኔታ ወደ ሐይቁ መግባቱን ከቀጠለ ውሃው እየደፈረሰ፣ ሽታውም እየከፋ እንደሚሄድ፤ ፍሳሹ ከሐይቁ ቢዞር ደግሞ ሐይቁ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያገግም አስቀድመው አስረዱ። ለዚህ ተስፋ መሠረት የሆነው የሐይቁ ጠባይ ነው። ከወንዞች በሚገባው ንጹሕ ውሃ ምክንያት የሐይቁ ውሃ በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ውስጥ ይተካል። ጥልቅ ስለሆነም የኋላ ጥፋቱ ገና ሥር አልሰደደም ነበር።

መፍትሔው ስለታወቀ ብቻ ሥራው ቀላል አልሆነም። ከአሥሩ ጣቢያዎች ባለቤቶች አንዱ ብቻ ፍሳሹን ወደ ባሕር ለማዞር ቢወስን፣ ወጪው በሙሉ የእርሱ ይሆናል፤ ጥቅሙ ግን ለሁሉም ይከፋፈላል፤ ሐይቁም አይድንም። ስለዚህ እያንዳንዱ ከተማ ሌላው እስኪጀምር መጠበቁ ከራሱ ሒሳብ አንጻር ሲታይ የሚያስወቅሰው አልነበረም። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሆኖም ሃምሳው ሰው ሎሚውን አንድ አንድ እንዲያነሣ የሚያደርግ ስምምነት ከሌለ፣ ሎሚው ባለበት ይቀራል።

፫. ሁለት የሕዝብ ምርጫዎች

በዚህ ጊዜ ጉዳዩን በግንባር ቀደምትነት ያራመዱት ጄምስ ኤሊስ የተባሉ የሕግ ባለሙያ ነበሩ። በ1956 የሲያትል ከንቲባ ጎርደን ክሊንተን የከተማይቱንና የአካባቢውን የጋራ ችግሮች የሚያጠና አማካሪ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ ኤሊስ ሊቀ መንበር ሆኑ። በ1957 የስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፣ ከተሞችና ካውንቲ በአንድነት የሚቆጣጠሩት ሜትሮፖሊታን ማዘጋጃ ቤት እንዲቋቋም የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ሕጉ ለዚህ የጋራ አካል ሊሰጡ የሚችሉ ስድስት የሥራ መስኮችን ዘረዘረ። እነርሱም የፍሳሽ አወጋገድ፣ የውሃ አቅርቦት፣ የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅ ቆሻሻ አወጋገድ፣ መናፈሻና አጠቃላይ ፕላን ነበሩ። አካሉ የሚቋቋመው ግን ሕዝቡ በድምፅ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ድምፁም በሁለት ይቆጠራል። በዋናው ከተማ ውስጥ ያለው ለብቻው፣ ከከተማው ውጭ ያለውም ለብቻው አብላጫ ድምፅ መስጠት ነበረበት።

በመጋቢት 1958 ለሕዝብ የቀረበው ሐሳብ ፍሳሽን፣ የሕዝብ ማመላለሻንና ፕላንን አጣምሮ የያዘ ነበር። የሲያትል ነዋሪ ደገፈው፤ ከሲያትል ውጭ ያለው ግን አልተቀበለውም፤ ሐሳቡም ወደቀ። ተቃውሞው ስለ ሐይቁ ንጽሕና አልነበረም። ትንንሾቹ ከተሞች የፈሩት በትልቋ ከተማ መዋጥን ነው። ዛሬ ፍሳሹን የወሰደ አካል ነገ መንገዱን፣ ከነገ ወዲያም የቤት መሥሪያ ቦታውን ድልድል ይወስዳል ብለው ሠጉ። ይህ ሥጋት ካለማወቅ የመነጨ ነው ብሎ ማጣጣል አይገባም። የራሱን አስተዳደር በቅርቡ የመሠረተ ሕዝብ ሥልጣኑን ለማስረከብ ማመንታቱ በየትኛውም አገር የሚታይ ነው።

የሐሳቡ አራማጆች ከሽንፈቱ የወሰዱት እርምጃ የትብብሩ ሁሉ ቁልፍ ሆነ። ሕዝቡን ከመውቀስ ይልቅ ሐሳቡን አጠበቡት። የሕዝብ ማመላለሻውንና ፕላኑን አወጡ፤ የሚያካትተውን ክልል ቀነሱ፤ አንድ ሥራ ብቻ፣ ይኸውም ፍሳሽን ብቻ አስቀሩ። በመስከረም 1958 ሐሳቡ እንደገና ለሕዝብ ቀረበ። በዚህ ጊዜ በሲያትልም ሆነ ከሲያትል ውጭ አብላጫ ድምፅ አገኘ። በስድስት ወር ውስጥ የሐይቁ ውሃ የተለየ አልሆነም፤ የተለየው የቀረበው ጥያቄ ነው። የተቋቋመውም አካል በአጭሩ ሜትሮ ተባለ።

፬. የሥራው ክፍፍል

ሜትሮ የከተሞቹን የፍሳሽ አገልግሎት አልወረሰም። የሥራው ክፍፍል በውል የተወሰነ ነበር። በየሰፈሩ የሚገኙት ትንንሽ መስመሮች፣ ቤት ከመስመር ማገናኘትና ከነዋሪው ሒሳብ መሰብሰብ ለየከተማውና ለየፍሳሽ ወረዳው ቀረ። ሜትሮ የያዘው ዋና ዋና መስመሮችን፣ የፓምፕ ጣቢያዎችንና ትላልቅ ማጣሪያዎችን ነው። እያንዳንዱ ከተማ ፍሳሹን በወሰኑ ላይ ለሜትሮ ያስረክባል፤ ሜትሮም ለከተማው እንደ ጅምላ ሻጭ ያስከፍላል። ነዋሪው የሚያውቀው የራሱን ማዘጋጃ ቤት ስለነበረ፣ የአስተዳደሩ መልክ በነዋሪው ደጃፍ ላይ አልተለወጠም።

የክፍያው መለኪያም ቀላልና ለሁሉም የሚገባ ነበር። አንድ መኖሪያ ቤት እንደ አንድ ደንበኛ ይቆጠራል፤ የንግድ ቤትና ፋብሪካ ደግሞ በሚጠቀሙት የውሃ መጠን ተመዝነው ወደዚሁ መለኪያ ይመነዘራሉ። በመጀመሪያ የተወሰነው ክፍያ ለአንድ ቤት በወር ሁለት ዶላር ያህል ነበር። ለግንባታው የሚያስፈልገው ገንዘብ በቦንድ ሽያጭ ተገኘ፤ ብድሩም ከዚሁ ክፍያ እንዲመለስ ተደረገ። ገንዘብ ያበደረ ሰው ዋስትና የሚያገኘው ከአንድ ከንቲባ ቃል ሳይሆን፣ ለረጅም ዓመታት ከታሰረ ውልና ከታወቀ የደንበኛ ቁጥር ነው።

ግንባታው በ1961 ተጀመረ። በሐይቁ ዙሪያ፣ በአንዳንድ ስፍራም በሐይቁ ዳር በውሃው ውስጥ፣ ዋና መስመሮች ተዘረጉ። ሁለት ታላላቅ ማጣሪያዎች ተሠሩ። አንደኛው ከሐይቁ በስተ ደቡብ በሬንተን፣ ሁለተኛው በፒውጀት ሳውንድ ዳር በዌስት ፖይንት የሚገኝ ነው። የሬንተኑ በ1965፣ የዌስት ፖይንቱ በ1966 ሥራ ጀመሩ። የመጀመሪያው ፍሳሽ ከሐይቁ የዞረው በ1963 ሲሆን የመጨረሻው በ1968 ነው። ጠቅላላ ወጪውም 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል ደረሰ።

፭. ውጤቱ

የሐይቅ ውሃ ጥራት የሚመረመርበት ጥንታዊና ቀላል ዘዴ አለ። ሰሃን የሚመስል ነጭ ክብ ወደ ውሃው ይወርድና ከዓይን የሚሰወርበት ጥልቀት ይለካል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህ ጥልቀት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ፍሳሹ ሙሉ በሙሉ ከመዞሩ በፊት፣ በበጋ ወራት ከአንድ ሜትር በታች ወረደ። ፍሳሹ ከዞረ በኋላ በ1968 ወደ ሦስት ሜትር ተመለሰ። በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከ60 ማይክሮግራም በላይ ደርሶ የነበረው ፎስፎረስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ወደ 20 አካባቢ ዝቅ አለ። ከ1976 ጀምሮም ዳፍኒያ የተባለችው፣ አልጌ የምትመገብ ጥቃቅን የውሃ እንስሳ በብዛት በመታየቷ፣ ውሃው ከቀድሞው ይበልጥ ጠራ።

ፕሮፌሰር ኤድመንድሰን አስቀድመው የተናገሩት በመለኪያ ተረጋገጠ። ሐይቁ በዓለም ላይ ስለ ሐይቆች ማገገም በሚጻፉ መጻሕፍት ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጠቀስ ሆነ። መዘንጋት የሌለበት ግን ሳይንሱ ብቻውን ሐይቁን እንዳላዳነ ነው። ማስጠንቀቂያው ከተሰማ እስከ መጨረሻው ፍሳሽ መዞር ድረስ አሥራ ሦስት ዓመት ያህል አልፏል። ከዚህ ጊዜ ውስጥ ስድስቱ ያለፉት ግንባታ ከመጀመሩ በፊት በጥናት፣ በሕግ፣ በምርጫና በውል ላይ ነው።

፮. የትብብሩ ጉድለት

የዚህን ሥራ መልካም ጎን ብቻ ማውሳት ለባለሙያ አይጠቅምም። አንደኛው ጉድለት የሚመለከተው ችግሩ የሄደበትን ስፍራ ነው። ከሐይቁ የዞረው ፍሳሽ አልጠፋም፤ ወደ ባሕሩ ሄደ። የዌስት ፖይንት ማጣሪያ በመጀመሪያ የሚሠራው በአንደኛ ደረጃ ማጣራት ብቻ ነበር። ወደ ሁለተኛው ደረጃ የተሸጋገረው በ1995 ነው። የሬንተኑ ጣቢያ ውሃም ወደ ፒውጀት ሳውንድ የሚያደርስ ረጅም መስመር እስኪሠራለት ድረስ ለብዙ ዓመታት የሚገባው ወደ ወንዝ ነበር። የሁሉም ፍሳሽ በሁለት ስፍራ ሲሰበሰብ፣ የእነዚያ ሁለት ስፍራዎች ጎረቤት የሆነ ሕዝብ ከድርሻው በላይ ይሸከማል። የአንድ ጣቢያ መሰናከልም የሁሉ መሰናከል ይሆናል። በየካቲት 2017 የዌስት ፖይንት ጣቢያ በከባድ ዝናብ ጊዜ በውስጡ ተጥለቅልቆ በተበላሸ ጊዜ፣ ከዝናብ ጋር የተቀላቀለ ያልተጣራ ፍሳሽ በብዛት ወደ ባሕሩ ሊለቀቅ ግድ ሆነ።

ሁለተኛው ጉድለት የውክልና ነው። የሜትሮ ምክር ቤት አባላት በቀጥታ ለሜትሮ የተመረጡ ሳይሆኑ፣ በየከተማቸውና በካውንቲው ባላቸው ሹመት ምክንያት የሚቀመጡ ነበሩ። ሥራው ፍሳሽ ብቻ በነበረበት ጊዜ ይህ ብዙ አላነጋገረም። በ1972 ሕዝቡ የአውቶቡስ አገልግሎትን ጨምሮ እንዲይዝ ከፈቀደለት በኋላ ግን ሥልጣኑና በጀቱ ገዘፈ። በ1990 አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የምክር ቤቱ አወቃቀር የእያንዳንዱን መራጭ ድምፅ እኩል ስለማያደርግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አይስማማም ሲል ፈረደ። ሕዝቡ በ1992 በሰጠው ድምፅ መሠረት ከ1994 መጀመሪያ አንሥቶ ሜትሮ ከኪንግ ካውንቲ ጋር ተዋሐደ። ከከተሞቹና ከፍሳሽ ወረዳዎቹ ጋር የተደረገው ውል ግን አልፈረሰም። ዛሬም ካውንቲው ከ30 በላይ ከሆኑ የአካባቢ አካላት ፍሳሽ በውል እየተቀበለ ያጣራል። የበላዩ አካል ተለውጦ ሥራው መቀጠሉ የውሉን ጥንካሬ ያሳያል።

፯. ለኢትዮጵያ መሐንዲሶች የሚሰጠው ትምህርት

ይህ ምሳሌ ከአገራችን ሁኔታ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ከፊሉ የሚመጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ሲሆን፣ እነዚህ የሚገኙት ከከተማው አስተዳደር ወሰን ውጭ በኦሮሚያ ክልል ነው። በአንጻሩ ትልቁና ትንሹ አቃቂ የከተማይቱን ፍሳሽ ይዘው ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። በእነዚህ ወንዞች ዳር አትክልት የሚያለማና ከብት የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ንጹሑ ውሃ ከጎረቤት ይመጣል፤ የቆሸሸው ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ሁለቱም ጉዞ ወሰን ይሻገራል።

የሕግና የአስተዳደር ሥርዓቱ የተለያየ ስለሆነ የሲያትልን አደረጃጀት እንዳለ መቅዳት አይቻልም፤ አያስፈልግምም። ሊወሰድ የሚገባው የአሠራሩ ቅደም ተከተል ነው።

በመጀመሪያ፣ የጋራ ሥራ ክልል የሚወሰነው በካርታ ላይ ባለው የአስተዳደር መስመር ሳይሆን በሚፈታው ችግር መሆን አለበት። ውሃ ከሆነ በተፋሰሱ፣ መንገድ ከሆነ በጉዞው ይለካል። የእያንዳንዱን ጣቢያ ጥራት ከመመርመር አስቀድሞ የሁሉንም ድምር የሚደምር ባለሙያና መሥሪያ ቤት መሰየም ያሻል።

ቀጥሎ፣ የጋራው አካል በአንድ ጠባብ፣ በሚለካ ሥራ ቢጀምር ይሻላል። ስድስት ሥራ በአንድ ጊዜ የጠየቀ አንዱንም ላያገኝ ይችላል። አንዱን በሚገባ ከሠራ ሌላውን የሚጨምርለት ሕዝቡ ራሱ ነው።

ከዚያም፣ እያንዳንዱ ወገን የሚከፍለውና የሚያገኘው በቁጥር ተጽፎ፣ ነዋሪው ሊፈትሸው በሚችል መለኪያ መታሰር አለበት። መልካም ፈቃድ የትብብር መነሻ ይሆናል፤ ሹም ሲለወጥ ግን አብሮ ይለወጣል። ውል የሚዘልቀው ከሹም በኋላም ነው።

በመጨረሻም፣ ሸክሙ የሚያርፍበት ሕዝብ፣ ማለትም የማጣሪያው ጎረቤት፣ የግድቡ ባላገርና ከወንዙ በታች ያለው ገበሬ፣ ሥራው ካለቀ በኋላ እንዲያጉረመርም ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት እንዲወስን በምክር ቤቱ ድምፅ ሊኖረው ይገባል። የሲያትል ሥራ ዘግይቶ የተማረው ይህንን ነው።

የመሐንዲሱ ድርሻ በዚህ ሁሉ ውስጥ ንድፍ ሠርቶ መጠበቅ ብቻ አይደለም። ፕሮፌሰር ኤድመንድሰን እንዳደረጉት፣ ሥራው ቢቀር የሚመጣውንና ሥራው ቢሠራ የሚገኘውን፣ ሁለቱንም በቁጥር አስቀምጦ ለወሳኙ ሕዝብ ማቅረብ የሙያው ግዴታ ነው። ዋጋውንና ጥቅሙን አውቆ የሚወስን ሕዝብ አንድ ጊዜ እምቢ ቢል እንኳ፣ በሁለተኛው ሊስማማ እንደሚችል የዋሽንግተን ሐይቅ ምስክር ነው።